ዳታ ሲያልቅ የማይጠፋ መመሪያ የቱ ነው?

ኮዲንግ በስልክ የጀመረ ወጣት ዛሬ ብዙ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራምም ቁጥሩን ጨምሮታል። ግን ብዙዎቻችን አንዲት ትእዛዝ ስትጠፋን የምንሮጠው ወደ ዩቲዩብ ነው። የረሳናት አንድ መስመር፣ የምንከፍተው የ20 ደቂቃ ቪዲዮ! ፓኬጁም እዚያው ያልቃል። መልሱ ያለው ዶክመንቴሽን ውስጥ ነው፤ ማለትም የሶፍትዌሩ ሠሪዎች በጻፉት መመሪያ።

ታዲያ በምን እናንብበው? ስልክ ብቻ ካላችሁ ዴቭዶክስ ይሻላል። ነፃ ነው፣ በብሮውዘር ይከፈታል፣ የብዙ ቋንቋዎችን መመሪያ በአንድ መፈለጊያ ያገናኛል። ዋይፋይ ስታገኙ የምትፈልጉትን ብቻ አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ታነባላችሁ። አንድ ጣጣ አለው፦ የብሮውዘሩን ዳታ ካጸዳችሁ ያወረዳችሁትም አብሮ ይጠፋል።

ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ላፕቶፕ ያለው ዚልን ይጫን። እሱም ነፃ ነው፤ ያወረደው ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚቀመጥ ብሮውዘሩ ቢጸዳም አይነካም። ዳሽ የተባለው ተመሳሳዩ ግን ለማክ ነው፣ ያስከፍላልም። ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ ወይም ጃቫስክሪፕት የሚማር ደግሞ ከኤምዲኤን አይራቅ። ዴቭዶክስ ራሱ የእነዚህን መመሪያ የሚወስደው ከዚያ ነው።

ማንበቡ ግን ግማሹ ነገር ነው። ኮዱ ተቀይሮ መመሪያው ካልተቀየረ፣ መመሪያው ከሌለ ይብሳል፤ አንባቢውን ያሳስታላ! ስለዚህ የራሳችሁን ሥራ ስትጽፉ መመሪያውን ከኮዱ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አኑሩት፤ ኮዱን የቀየረ ሰው መመሪያውንም ያስተካክል። ለትንሽ ቡድን ኤምኬዶክስ ይበቃል፤ በማርክዳውን የተጻፈን ተራ ጽሑፍ ወደ ድረ ገጽ ይቀይራል። የፓይተን መመሪያ የሚዘጋጅበት ስፊንክስ አቅሙ ሰፊ ነው፣ ለመልመድ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

እንክብካቤ ሲጓደል ምን እንደሚመጣ ከኤምዲኤን እንማር። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ይዘቱ ወደ ጊትሃብ ከተዛወረ በኋላ፣ የሚንከባከባቸው ቡድን ያላገኙ ትርጉሞች ከድረ ገጹ ተነሥተዋል። የቀሩት ተከታታይ ሰው ያላቸው ናቸው። አማርኛ ከእነሱ መካከል የለም።

"በአማርኛ የለም" እያልን ማማረሩ ቀላል ነው። አንድ ሺህ ገጽ በአንድ ዘመቻ ተርጉሞ መተውም እንደዚያው ነው፣ ከዓመት በኋላ ያረጃል። የሚሻለው ትንሽ ሆኖ የሚቆይ ሥራ ነው። የሠራችሁት አፕ ካለ እንዴት እንደሚጫንና እንደሚሠራ በአማርኛ አንድ ገጽ ጻፉለት፤ አፑ በተቀየረ ቁጥርም አስተካክሉት። ከእናንተ ቀጥሎ ለሚጀምረው ልጅ ያቺ አንድ ገጽ ከብዙ ቪዲዮ ትበልጣለች።