አራት ነጥብ ያገኘው በሽተኛ

ከሕንፃ መወጣጫ የወደቀ ሠራተኛ ወይም የተገለበጠ ሚኒባስ ውስጥ የነበረ ተሳፋሪ አከርካሪው ተሰብሮ ሆስፒታል ሲደርስ፣ ቤተሰቡ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ወይ?» ብሎ ነው። መልሱ ለረጅም ጊዜ እንደ ሐኪሙ ይለያይ ነበር። አሜሪካዊው የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም አሌክሳንደር ቫካሮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ለደረትና ለወገብ አከርካሪ ስብራት ያወጡት የነጥብ አሰጣጥ ይህንን ልዩነት ለማጥበብ ያለመ ነው።

የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የስብራቱ ዓይነት፣ የነርቭ ጉዳቱና አከርካሪውን ከኋላ አስረው የሚይዙት ጅማቶች ይዞታ። ድምሩ 3ና ከዚያ በታች ከሆነ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ 5ና ከዚያ በላይ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይታከማል። 4 ለሐኪሙ ይተዋል። በነገራችን ላይ፣ ሕብለ ሰረሰሩ ሙሉ በሙሉ የተጎዳ ሰው 2፣ በከፊል የተጎዳው ደግሞ 3 ነጥብ ያገኛል። የተገላቢጦሽ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ በከፊል በተጎዳው ላይ ገና የሚተርፍ ነገር አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ጅማቱ ነው። አጥንቱ ፈንድቶ ነርቩ ግን ያልተነካ በሽተኛ እንውሰድ። ለስብራቱ 2 ይያዝለታል። ጅማቱ ደህና ከሆነ እዚያው 2 ላይ ይቆያል፤ ከተበጠሰ 3 ተጨምሮ 5 ይሆናል። ጅማት ግን በራጅ አይታይም፤ ራጅና ሲቲ ስካን ፍንጭ ነው የሚሰጡት። የተሻለው ኤምአርአይ ነው፤ እሱም አንዳንዴ ጉዳቱን አጋኖ ያሳያል። መሣሪያው በሌለበት «ያጠራጥራል» ተብሎ 2 ይሞላለታል። ድምሩ 4! ነጥቡ ሊያስቀረው ወደነበረው፣ «ሐኪሙ እንደመሰለው» ወደሚባለው ቦታ ተመለስን ማለት ነው።

ታዲያ ነጥቡ ለእኛ አይሠራም? እኔ እንደዚያ አላምንም። ያው የፈነዳ አጥንት ሕብለ ሰረሰሩን በከፊል ከጎዳው 2 እና 3 ተደምሮ፣ ጅማቱ ሳይታይ እንኳ 5 ሞልቷል። የዚህ ሰው ቤተሰብ ስለ ጅማቱ ለማወቅ ብቻ ተብሎ የኤምአርአይ ገንዘብ እስኪያሰባስብ በሽተኛው አልጋ ላይ መጠበቅ የለበትም። ኤምአርአይ በየሆስፒታሉ በማይገኝበት አገር ወረፋው ቅድሚያ ሊሰጥ የሚገባው ለዚያ 4 ላገኘው ነው። ለዚህም ሪፈር የሚጽፈው ሐኪም ድምሩን ብቻ ሳይሆን የትኛው ነጥብ በጥርጣሬ እንደተሞላ ወረቀቱ ላይ ቢያሰፍር ተቀባዩ ሆስፒታል ምን እንደሚፈልግ አውቆ ይጀምራል።