ካሜራውን ለእኔ ስጡኝ

በራሴ ኮምፒውተር ያላስነሳሁትን፣ ካሜራውን በራሴ ማውስ ያላዞርኩትን ዴሞ «ሪል ታይም ነው» እያለ የሚያሳየኝን የግራፊክስ ካርድ ኩባንያ አላምነውም። አራት ነጥብ። መድረክ ላይ የሚታየው ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ በስሙ ይጠራ።

ነገሩ ለማይገባው፦ ሪል ታይም ዴሞ ማለት እንደ ፊልም ቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ ምስል ሳይሆን፣ ካርዱ እያንዳንዱን ፍሬም እዚያው በዚያው እያሰላ የሚስለው ትርኢት ነው። ለፊልም አንዲት ፍሬም ሬንደር ማድረግ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ዴሞ ግን ያለው የሰከንድ ሽርፍራፊ ብቻ ነው። ጀብዱው እዚህ ላይ ነው፤ ማጭበርበሪያም ካለ የሚገባው በዚሁ በር ነው፤ ምክንያቱም ተመልካች ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ቪዲዮውን ከስሌቱ የሚለይ ዓይን የለም።

በ2018 መጋቢት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ጌም ሠሪው ኢፒክ፣ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያና የሉካስፊልም ሰዎች ሳን ፍራንሲስኮ ላይ «ሪፍሌክሽንስ» የተባለውን የስታር ዋርስ ዴሞ አሳዩ። ሁለት ወታደሮች አሳንሰር ውስጥ ሲያወሩ ካፒቴን ፋዝማ ትገባለች፤ በተወለወለው ጥሩሯ ላይ የወታደሮቹ ነጭ ልብስና የጣሪያው መብራት እየተጣመመ ይንጸባረቃል። አፍ ያስከፍታል፣ እኔም ከፍቻለሁ። ይህን የሚያንቀሳቅሰው ግን አራት ቪ100 ካርዶች የተደረደሩበት፣ 70 ሺህ ዶላር ገደማ የሚያወጣ ዲጂኤክስ ስቴሽን የተባለ ኮምፒውተር ነበር። ያ ሁሉ ጉልበት ተደምሮ በሰከንድ 24 ፍሬም!

በዚያው ዓመት ነሐሴ ያው ዴሞ በአንድ ካርድ ሲሠራ ታየ፤ ይሄን አልክድም። የተደሰትኩት ግን ያኔ አይደለም። በ2019 ሚያዝያ ዴሞው ለሁሉም ሲለቀቅ ነው። ጂቲኤክስ 1080 የነበረው ሁሉ አውርዶ ጫነውና ካርዱ ሲንፏቀቅ በገዛ ዓይኑ አየ። ያቺ የተንፏቀቀች ምስል ከመድረክ ንግግር ሁሉ የበለጠ አስተምራዋለች። «ሳማሪታን» የተባለው የኢፒክ ዴሞ ግን ይህ ዕድል አልደረሰውም። በ2011 በሦስት ጂቲኤክስ 580 አሳዩን፣ በዓመቱ «አሁን አንድ ጂቲኤክስ 680 ይበቃዋል» አሉን፤ የጠርዝ ማለስለሻው ቀለል ባለ ዘዴ መተካቱን ያነበበ ያውቃል፣ ያላነበበ አጨበጨበ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በኤንቪዲያው ጂፎርስ ኤፍኤክስ ካርድ ዘመን «ዶውን» የምትባል ክንፋም ልጅ ነበረች፤ ቆዳዋ፣ ሽፋሽፍቷ፣ ፈገግታዋ የካርዱን ችሎታ ሊያሳዩ የተሠሩ። ፋይሏ በሰው እጅ ገባ። ሰዎቹ ምን አደረጉ? አንዲት አስተርጓሚ ፕሮግራም ጨምረው በተቀናቃኙ ኩባንያ ካርድ፣ በራዲዮን 9700፣ አስነሷት። አማረባት! የተለቀቀ ዴሞ በጌታው ላይም ይመሰክራል፤ ዛሬ አንዳንዱን ቆልፈው የሚያስቀምጡት ለምን እንደሆነ የምጠረጥረው ከዚህ ተነስቼ ነው። (የፋይሉን ስም ስትቀይሩት ልጅቷ የለበሰችው ቅጠል ይረግፍ ነበር። እንደ ቀልድ ያስገቡት ነው። በ2003 ግን የፍጥነት መለኪያ ሠሪው ፊውቸርማርክ የኤንቪዲያ ድራይቨር 3ዲማርክ03 የተባለው መለኪያ መከፈቱን እያወቀ ሥራ እየዘለለ እንደሚያልፍ አጋለጠ፤ ማወቂያው ሲዘጋበት የኤፍኤክስ 5900 አልትራ ውጤት 24.1 በመቶ ወረደ። በኋላ ተስማምተው «ማጭበርበር አይባልም» አሉ። እኔ አልተስማማሁም።)

ሥራዬ ለአርክቴክቶች ሕንጻ ሬንደር ማድረግ ነው፤ ለእኔ ካርድ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ባለፈው አንድ ሱቅ ገብቼ ዋጋ ስጠይቅ ሻጩ ትልቁን ሞኒተር ወደ እኔ አዞረ። ዝናብ የመታው አስፋልት፣ የኒዮን መብራት፣ እየተንሸራተተ የሚዞር መኪና።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሪል ታይም ነው።»

«በል እስኪ አዙረው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ካሜራውን።»

ማውሱን ነካ ሲያደርግ ከሥር የቪዲዮ ማጫወቻው መስመር ብቅ አለች፦ ሁለት ደቂቃ ከአሥራ ምናምን ሰከንድ። ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ የሳጥኑ ማሸጊያ እንኳ አልተቀደደም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! በልጁ አልፈርድም፤ ይህን ዘዴ ያስተማሩት መድረክ ላይ የሚቆሙት ናቸው።

የመድረኩ ትርኢት የማይነካው ደግሞ እኔን የሚገድለኝን ነው። ዛፉን፣ ሣሩን፣ የመስታወት ፎቁን ደርድሬ ስጨርስ የካርዱ ሜሞሪ ይሞላና ፕሮግራሙ ይዘጋል። በጥር 2025 የኤንቪዲያ አለቃ ጄንሰን ሁዋንግ ላስ ቬጋስ ላይ በ549 ዶላር የሚሸጠው 5070 ካርድ የትልቁን ካርድ የ4090ን አቅም እንደሚሰጥ ተናገረ። ያለ አርተፊሻል ኢንተለጀንስ እንደማይቻል አብሮ ተናግሯል፤ ከአራት ፍሬም ሦስቱን የሚፈጥረው እሱ ነዋ! ታዲያ የ5070 ሜሞሪ 12 ጊጋባይት፣ የ4090 ደግሞ 24 ነው። የእኔ ሕንጻ 16 ከጠየቀ፣ በግምት የተፈጠረ ፍሬም የጎደለኝን ሜሞሪ ከየት ያመጣልኛል? 5090 የተባለው ካርድ ስለሚበላው 575 ዋትማ ምኑን ላውራ፤ የእኔ ዩፒኤስ ስሙን ሲሰማ ይጮኻል።

«ዴሞ እኮ ጥበብ ነው» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፤ ጥበቡን ማየት የፈለገ ግን ዴሞን ለጥበቡ ብለው የሚሠሩትን፣ ዴሞሲን የሚባሉትን ይይ። በ2009 ጀርመን ውስጥ ብሬክፖይንት በተባለው ውድድር ላይ ያሸነፈው «ኤሌቬትድ» በረዶ የለበሰ የተራራ ሰንሰለት ከነሙዚቃው 4 ኪሎባይት ውስጥ ከትቷል። ተሰብሳቢው ፊት በውድድሩ ኮምፒውተር ተነስቶ ታየ፤ ከዚያ በኋላ የፈለገ ሁሉ አወረደው። ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ፋይላቸውን ለማስረከብ ካልፈሩ፣ በቢሊዮን ዶላር የሚያተርፈው ምን ያስፈራዋል?

እኔ ከእንግዲህ የምገዛው እንዲህ ነው፦ ከሥራዎቼ ሁሉ የከበደውን ፋይል በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ፣ ካርዱ ይሰካል፣ ፋይሉ ይከፈታል፣ ካሜራውን እኔ አዞራለሁ። «ሳጥኑ ከተከፈተ መግዛት ግዴታ ነው» የሚል ሻጭ ካለ መርካቶ ሰፊ ነው።