ሳተላይቱ ያየውን ዝናብ ገበያውም ይወቀው

በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ ያለ ነጋዴ ዶላርና ወርቅ ስንት ገባ ብሎ ጠዋት ማታ ይጠይቃል። ስለ ክረምቱ ግን ወደ እንጦጦ አንጋጦ ደመናውን ከማየት እምብዛም አያልፍም። የጤፍን ዋጋ የሚቆርጠው ግን የጎጃምና የወሎ ሰማይ ነው።

ይህ ሰማይ ዛሬ ከላይም ይታያል። ሳተላይቶች የደመናውን አናት ቅዝቃዜ ለክተው ዝናቡን ይገምታሉ፤ ከማሳው በሚንጸባረቀው ብርሃን ቡቃያው መለምለሙን ወይም መጠውለጉን ይለያሉ። የዋልታውን በረዶ መቅለጥ ለአሥርት ዓመታት ሲመዘግቡ የኖሩት እነዚህ የሰማይ ዓይኖች፣ የፓስፊክ ውቅያኖስ ያለ ወትሮው ሲሞቅም ቀድመው ያያሉ። ኤልኒኞ የሚባለው ይህ ሙቀት የኢትዮጵያን የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ያሳንሳል።

በ2007 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። በልጉ ከሽፎ ሳለ ክረምቱም ከዳ። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነገረ። የውቅያኖሱ ሙቀት ግን ከወራት በፊት ታይቶ ነበር። ከውጭ የሚገዛ ስንዴ ጨረታ ወጥቶለት ጅቡቲ እስኪራገፍ ወራት ይፈጃል። ዘግይቶ የሚታዘዝ መርከብ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

«አስቀድሞ ከተነገረ ነጋዴው እህል ይደብቃል» የሚሉ አሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ይሁንና መረጃው ቢታፈንም ጥቂቶች ጆሮ መድረሱ አይቀርም፤ የሚደብቁትም እነርሱው ናቸው። ገበሬው ሳያውቅ ምርቱን በርካሽ ይለቃል፣ ደላላው ወሬ ይቸረችራል፣ ዕዳው ሸማቹ ላይ ይወድቃል። ሁሉም በአንድ ቀን ካወቀ ግን እህል ከተረፈበት ወደ ጎደለበት በጊዜ ይጫናል።

በሰው ዓይን ብቻ ማየትም አያዛልቅም። ከ1977ቱ ረሀብ በኋላ አሜሪካ ያቋቋመችው የረሀብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ፣ ፊውስኔት፣ በጥር 2017 ዓ.ም. በጀቱ ታግዶ ለወራት ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ ነበር። ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስታመጥቅ፣ መረጃው እንጦጦ ላይ እንዲወርድ ጣቢያ አቁማለች። መንገዱ ተጀምሯል ማለት ነው።

የቀረው መረጃውን አደባባይ ማውጣት ነው። የምርት ገበያው የቡናንና የሰሊጥን ዋጋ ለሕዝብ እንደሚያሳይ ሁሉ፣ የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአሥር ቀን ዘገባም በቀላል አማርኛ ከእህል ዋጋ ጎን ይለጠፍ። ነጋዴው ማትረፍ ያለበት በሥራው እንጂ ሌላው ባለማወቁ አይደለም።