ልጅዎ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የት ይውላል?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዘው ሲሄዱ ብዙም ሳይርቁ አማኑኤልን ያገኛሉ። በዚህች ከተማም ሆነ ወዲያ በብቸናና በሞጣ ለብዙ ዘመን የኖረ ልማድ አለ። በገጠር ስምንተኛን ክፍል የጨረሰ ልጅ ወደ ከተማ ይመጣና ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ዓርብ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እሑድ ደግሞ ስንቁን ተሸክሞ ወደ ከተማ ይመጣል። እንጀራውና ድርቆሹ፣ ዳቦ ቆሎው፣ ሽሮና በርበሬው ሁሉ የእናት እጅ ሥራ ነው። አጥር፣ ዘበኛና ተቆጣጣሪ የሌለው አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ይኸው ነው።

ልጅን ከቤት አርቆ ማስተማር ለጎጃም እናት አዲስ ነገር አይደለም። ከዘመናዊው ትምህርት በፊት የቅኔ ቤት ነበር፤ ዛሬም አለ። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ የሚያድርባትን ጎጆ በገዛ እጁ ይሠራል፤ ቅኔውን ቆጥሮ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይቀኛል። ሰው ፊት ቆሞ መናገርን የሚማረው እዚያ ነው። በዚህ ትምህርት ስማቸው ከሚጠራው አንዱ ከአማኑኤል እምብዛም የማይርቀው ደብረ ኤልያስ ነው።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የዚሁ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። አዲስ አበባ መጥተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መምህር በሆኑ ጊዜ ቅኔውን ይዘውት መጡ። ለተማሪዎቻቸው መዝሙር ደረሱ፣ ትያትር ጻፉ፣ ልጆቹን አሠልጥነው መድረክ ላይ አወጡ። ከ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ጀምሮ እስከ አብዮቱ ድረስ የተዘመረው ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙ የርሳቸው ነው፤ ዜማው ደግሞ የኬቮርክ ናልባንዲያን። በዚያን ዘመን የትያትር ተዋናይ ማለት በአብዛኛው ተማሪ ማለት ነበር።

ለመሆኑ በእነዚያ ትያትሮች ውስጥ እናት፣ ሚስትና እኅት የሚሆነው ማን ነበር? ወንድ ልጅ ነዋ! ቀሚስ አጥልቆ፣ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ ይወጣ ነበር። የዮፍታሔ አንዱ ታዋቂ ትያትር «አፋጀሽኝ» ይባላል፤ ርእሱ የሴት ስም ነው። በሴት ስም የሚጠራ ትያትር እያለ ሴቲቱ ራሷ መድረኩን ለማግኘት ብዙ ጠብቃለች። በትያትር ቤት መድረክ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ አስናቀች ወርቁ ሲሆኑ፣ ይህም የሆነው በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። ነገሩን ሳስበው ያስቀኛል፤ ቆይቶ ግን ያናድደኛል።

ሁለቱ ስመ ጥር የወንዶች ትምህርት ቤቶችም በአዲስ አበባ ነበሩ። ተፈሪ መኰንን በ1917 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ጄኔራል ዊንጌት ደግሞ በ1938 ዓ.ም.። የሁለተኛው ስም ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ኦርድ ዊንጌት በ1933 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ ጣሊያንን እያባረረ የመጣውን ጦር የመራ እንግሊዛዊ መኮንን ነው። ሁለቱም ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ሆነዋል።

እንዲህ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ከተራው ትምህርት ቤት የሚለየው በመጽሐፉ ብዛት ብቻ አይደለም። የመጨረሻው ደወል ሲደወል ልጁ የሚሄድበት ቤት ስለሌለው የሚቀጥለውን ሰዓት ትምህርት ቤቱ ራሱ መሙላት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ኳስ ይሰጠዋል፣ ያስሮጠዋል፣ ትያትር ያስጠናዋል። ልብሱን ማጠብ፣ አልጋውን ማንጠፍ፣ ከማይወደው ልጅ ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብም ይማራል። እናቱ ቤት ይህን ሁሉ የምትሠራለት እኅቱ ነበረች።

ከዚህ ሰዓት ምን ይገኛል ቢሉ ምስክር አለ። ይድነቃቸው ተሰማ የተማሩት ተፈሪ መኰንን ነው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ተጫወቱ፤ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ብሔራዊ ቡድን አሠለጠኑ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሩ። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነንም ወደ አገራችን መጥተው በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ሠርተዋል። አበበ ቢቂላን አሠልጥነው በ1952 ዓ.ም. ወደ ሮም የወሰዱት እኚሁ ሰው ናቸው፤ አበበ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ አምቦ ሲማሩ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ ትያትር ጽፈው ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት አሳይተዋል። ወደ ጄኔራል ዊንጌት የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ የአምቦ መምህር «ይህ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ሒሳብህን አጥና» ብሎ ወረቀቱን ቢቀማቸው ኖሮስ? ይህን የምናደርገው ብዙ ጊዜ እኛ እናቶች ነን።

አዳሪ ትምህርት ቤትን ለማሞገስ ብቻ ይህን አልጻፍሁም። የሚገባበት ልጅ ጥቂት ነበር፤ ቦታውም የወንድ ነበር። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለልጃገረዶች በሩን ቢከፍትም ለስንቷ የገጠር ልጅ ሊደርስ ይችላል? የአማኑኤሏ ልጅ ወንድሟ ኳስ ሲጫወት ውኃ ትቀዳ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በግጭቱ ምክንያት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ወንዱም ሴቷም ከክፍሉም ከሜዳውም የቀሩበት ጊዜ ሆኗል። ስንቅ የሚያዘጋጁ እናቶች ሐዘን ከባድ ነው።

እንግዲያውስ በከተማ ያለን፣ ትምህርት ቤቱ ክፍት የሆነልን እናቶች፣ ያለንን ሰዓት እንመልከት። ልጅዎ በፈረቃ የሚማር ከሆነ የቀኑ እኩሌታ በእጁ ነው። እርስዎ ፋብሪካ ወይም ቢሮ ነዎት፤ እሱ መንገድ ላይ ወይም ስልክ ላይ ነው። «ትያትር ክበብ ልግባ» ሲል «ነጥብህ ይቀንሳል» ብለው ከመከልከልዎ በፊት፣ ያ ሰዓት ያለ ትያትሩ በምን እንደሚያልፍ ይጠይቁት። የሚጠፋው ወጪ አንድ ሸራ ጫማ ቢሆን ነው። መምህሩ ማን እንደሆነ፣ ልምምዱ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ ከማን ጋር እንደሚመለስ ማወቅ ግን የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ይህን ሳያውቁ መፍቀድም ከመከልከል አይሻልም።

ስለ ሴት ልጅዎ ደግሞ አንድ ነገር ላንሣ። ሩጫ ልሞክር ስትልዎ ብዙውን ጊዜ የሚከለክላት ትምህርት ቤቱ አይደለም፤ የቤቱ ሥራ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ሽንኩርቱን ወንድሟ ይክተፍ፣ ሳህኑንም ይጠብ። ወንድ አዳሪዎቹ ያለ እናትና ያለ እኅት ይህን ሲሠሩ ኖረዋል፤ ማንም አልሞተም። አባትየው ቢያጉረመርም በአዳሪ ቤት ያደገ ዘመድ ፈልገው ያስረዳልዎት።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይም ስለ ውጤት ካርዱ ከጠየቁ በኋላ ሳይቀመጡ ሁለተኛ ጥያቄ ይጨምሩ። በብዙ ትምህርት ቤት ኳስ አለ፤ መረቡም፣ የትያትር ልብሱም አለ። ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ነው። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለና ለሴቶቹ ተራ የሚወጣው በየትኛው ቀን እንደሆነ ይጠይቁ።