ለሕክምና የሚሆን አጥንት ከበረት ይጀምራል

በምሥራቅ አዲስ አበባ በካራ የከብት ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው የሚመዝነው በዓይኑና በእጁ ነው። ሻኛውን ያያል፣ ጎኑን ይዳስሳል፣ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ይገምታል። ስለ አጥንቱ የሚጠይቅ የለም። አጥንቱ ከታረደ በኋላም ከሥጋው ሳይለይ ወደ ቦሌ፣ ገርጂና ሲኤምሲ ልኳንዳ ቤቶች ይጓዛል፤ ጥቂቱ ለቅቅልና ለሾርባ ይውላል፣ የቀረው በመጥረቢያ ተሰባብሮ ይጣላል።

ይኸው አጥንት በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሌላ ዋጋ አለው። በመኪና አደጋ አጥንቱ ደቆ ከፊሉ የጎደለበት ሰው፣ ስብራቱ በወጌሻ ታስሮ ሳይገጥም የቀረ ወጣት፣ ዕጢ ተቆርጦ የወጣለት ሕፃን፣ ሁሉም ክፍተቱ በአንድ ነገር እንዲሞላላቸው ይሻሉ። ከሁሉ የሚሻለው ከታማሚው ከራሱ ዳሌ የሚወሰድ አጥንት ነው። ነገር ግን አንዱን ቁስል ለማዳን ሌላ ቁስል መክፈት ግድ ይሆናል፤ የዳሌው ሕመም ከዋናው ጉዳት በላይ የሚያስቸግረው ሰውም አለ። ከሕፃን ዳሌ ደግሞ ብዙ አይገኝም። ከከብት አጥንት የሚዘጋጀው ማዕድን አማራጭ ሆኖ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የአጥንት ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባል የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ነው፤ የከብቱም የሰውም በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነው። በተለይ የጭን አጥንት ጫፍ ውስጡ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ በመሆኑ ይመረጣል። ስቡ ይወጣል፣ ፕሮቲኑ በኬሚካልና በሙቀት ይወገዳል፣ የቀረው ማዕድን ተፈጭቶና ከጀርም ጸድቶ በክፍተቱ ውስጥ ይሞላል። ሥራው በሰሚትና በአያት በሚገነቡ ቤቶች ዙሪያ የሚቆመውን የባሕር ዛፍ መወጣጫ ይመስላል። የታማሚው ሕዋሳት በቀዳዳዎቹ ገብተው በላዩ አዲስ አጥንት ይሠራሉ፤ ቤቱ ሲያልቅ መወጣጫው መነሳት አለበት።

ችግሩ መወጣጫው በጊዜው አለመነሳቱ ነው። አጥንቱ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃጠል ፕሮቲን የሚባል አይቀርለትም፤ ነገር ግን የማዕድኑ ቅንጣቶች ተልቀውና ጠንክረው ሰውነት ለዓመታት ሳይበላቸው ይቆያሉ። በ300 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ሲሞቅ የተፈጥሮ መልኩን ይጠብቃል፣ ፕሮቲኑን ማውጣት ግን በኬሚካል ብዙ ሥራ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጀርመን ኪል ከተማ የተዘጋጀው የጥጃ አጥንት ፕሮቲኑ ተሟጦ ስላልወጣለት ውጤቱ አላጠገበም፤ ከጊዜ በኋላም ተተወ። ዛሬ በጥርስ ሕክምና በስፋት የሚታወቀው የስዊዘርላንዱ ባዮ-ኦስ የተሳካለት ይህን ሚዛን በማግኘቱ ነው። በዓለም ላይ ያሉ ተመራማሪዎችም ማዕድኑ ላይ ማግኒዥየም፣ ስትሮንሽየም፣ ኮላጅን ወይም ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በመጨመር ሊያሻሽሉት ይሞክራሉ። ያም ሆኖ ብቻውን ክብደት የሚሸከም ቁስ አይደለም፤ ትልቅ ስብራት ብረቱን አሁንም ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ቢመስልም በግብርና ገጽ ላይ የመጣው ያለምክንያት አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከመጠን በላይ አለ። ለዚህም መፍትሔ ይሆን ዘንድ አንድ አገር በቀል ድርጅት ኢያዋግ ከተባለው የስዊዘርላንድ የውሃ ምርምር ተቋም ጋር በሞጆ የአጥንት ከሰል አምርቶ ለውሃ ማጣሪያነት አውሏል። ከሰሉ ውሃውን የሚያጣራው የአጥንት ማዕድን ፍሎራይድን ስቦ ስለሚይዝ ነው። በሕይወት ያለ በሬም አጥንቱ ይህንኑ ያደርጋል። ያንን ውሃ ዕድሜ ልኩን የጠጣ ከብት ፍሎራይዱን በአጥንቱ አከማችቶ ይመጣል፤ ፍሎራይድ የበዛበት ማዕድን ደግሞ በቀላሉ አይሟሟም። በካራ ገበያ አጠገብ ለአጠገብ ከቆሙ ሁለት በሬዎች የትኛው ከደጋ፣ የትኛው ከስምጥ ሸለቆ እንደመጣ ካልታወቀ፣ የሚዘጋጀው ቁስ ዛሬ አንድ ነገ ሌላ ይሆናል። ሐኪም እንዲህ ባለ ቁስ ሊተማመን አይችልም።

የበሽታውም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። የእንግሊዝ የእብድ ላም በሽታ እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቀ ወዲህ የከብት አጥንት የሚገዛ የሕክምና አምራች ሁሉ የከብቱን አገርና መኖ ይጠይቃል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት አገሮችን በስጋት ደረጃ ይመድባል፤ ከአፍሪካ ናሚቢያ ዝቅተኛው የስጋት ምድብ ውስጥ ትገኛለች። የኢትዮጵያ በሬ በአብዛኛው ሣርና ገለባ፣ ሲደልብም ፋጉሎ የሚበላ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በሽታው በዋናነት የተዛመተው የሥጋና የአጥንት ዱቄት ለከብት በመመገቡ ነበርና። ይሁን እንጂ ገለባ በልቷል የሚለው ቃል ማስረጃ የሚሆነው ሲጻፍ ነው።

አገሪቱ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት አላት። ይህ ቁጥር በየስብሰባው ይነሳል፤ የአንዱን በሬ ታሪክ ከበረት እስከ ቄራ መናገር ግን ያስቸግራል። በሌላ በኩል ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች የሚወጣው የበግና የፍየል ሥጋ በየጊዜው በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ይጫናል። ገዥው አገር ስለጠየቀ የእንስሳት ሐኪም ምርመራና የጤና የምስክር ወረቀት አብሮት ይሄዳል። ለውጭ ገዥ የሚደረገው ጥንቃቄ ለአገር ውስጥ ታማሚ የማይደረግበት ምክንያት የለም።

ለአርሶ አደሩም ያልሆነ ተስፋ መስጠት አይገባም። ለአንድ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው በግራም የሚቆጠር ስለሆነ የበሬን ዋጋ አይለውጠውም። ምዝገባው ግን ለሥጋ ንግዱና ለበሽታ ቁጥጥሩም ያገለግላል፤ ወጪው ለአጥንቱ ብቻ የሚወጣ አይደለም።

ስለዚህ በትንሹ መጀመር ይቻላል። የትውልድ ቀበሌያቸውና የክትባት ታሪካቸው የተመዘገበ ጥቂት የደለቡ ወይፈኖች ይመረጡ። የጭን አጥንታቸው ልኳንዳ ቤት ሳይደርስ እዚያው ቄራ ውስጥ ይለይና ቀዝቅዞ ለምርምር ይላክ። የባዮሜዲካል ምህንድስና የሚያስተምሩት የአዲስ አበባና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን መሰል ጥሬ ዕቃ ከልኳንዳ ቤት ቁርጥራጭ ይልቅ ቢያገኙ ምርምራቸው ተደጋግሞ ሊፈተሽ ይችላል። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ቁሱ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚጠይቀውን መስፈርት ከወዲሁ ለተመራማሪዎቹ ቢያሳውቅ ድካም ይቀንሳል። የእርድ ሥርዓቱም ቢሆን ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ፤ በክርስቲያንና በሙስሊም ቄራ ለይቶ በሚበላ ሕዝብ መካከል ታማሚው በሰውነቱ ውስጥ የሚገባው አጥንት ከየት እንደመጣ ሊጠይቅ መብት አለው፣ ሐኪሙም ሊመልስለት ይገባል።