የብርቱካን ችግኝ በአቀስታ ሲያልፍ

የእስያ የብርቱካን ተባይ ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቡናማ በራሪ ነፍሳት ነው። ከቅጠል ላይ ሲመጥ አፉን ደፍቶ ኋላውን ወደ ላይ ያነሣል፤ በዚህ አቋሙ ይለያል። እንስቷ እንቁላሏን የምትጥለው ገና ባልተዘረጋ ለጋ ቡቃያ ላይ ነው። መምጠጡ ብቻውን ዛፍ ባልገደለ፤ የከፋው ግሪኒንግ የተባለውን በሽታ ባክቴሪያ ከዛፍ ዛፍ ማዛመቱ ነው። የታመመ ዛፍ ፍሬው ትንሽና ጎባጣ ይሆናል፣ ከሥሩ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፣ ይመራልም። ፈውስ የለውም።

በኢትዮጵያ ባክቴሪያው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይና በሰሜን ወሎ በተወሰዱ ናሙናዎች ነው። የእስያው ተባይ በአገሪቱ መኖሩ የተዘገበው ግን ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2020 ነው፤ ያውም ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። ቀድሞም የነበረው አፍሪካዊ ዘመዱ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኤርትራን የሚያስጠራው ትሪዮዛ ኤሪትሬ፣ ቀዝቃዛ አየር ይወዳል። ይኸው ነባር ተባይ ያንኑ ባክቴሪያ ተሸክሞ በኢትዮጵያ መገኘቱ በ2019 ተዘግቧል። እንግዲህ «የቆላ ችግር ነው፣ እኛ ጋ አይደርስም» የሚለው የደጋ ሰው መጽናኛ ብዙ አያስኬድም።

ደጋዋ የአቀስታ ከተማ ራሷ የገብስ አገር ናት፤ ብርቱካን አታበቅልም። ነገር ግን ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ በእሷ በኩል ያልፋል፤ ከመካነ ሰላም ማዶ ደግሞ ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ አለ። ተባዩ በክንፉ ሩቅ ለመሄድ ይቸገራል፤ መኪና ላይ የተጫነ ለጋ ችግኝ ግን እንቁላሉንም ባክቴሪያውንም ይዞ ባንድ ቀን ደጋውን ያቋርጣል። የታመመ ችግኝ ለዓመታት ጤነኛ መስሎ ሊቆይም ይችላል። ምርመራው ከችግኝ ጣቢያው በር ላይ መጀመር ያለበት ለዚህ ነው፤ ዛፉ ከደረቀ በኋላ ባለሙያ መላክ ለቅሶ የመድረስ ያህል ነው።

በየጓሮው ቅጠል ቢጫ ሲሆን «ማዳበሪያ አነሰው» ይባላል። ልዩነቱን ለማየት ቅጠሉን በመሃል አጥንቱ ማጠፍ ይረዳል፦ የንጥረ ነገር እጥረት ግራና ቀኙን በአንድ ዓይነት ያበጫል፤ ግሪኒንግ ግን ያዥጎረጉረዋል፣ ሁለቱ ጎኖች አይመሳሰሉም።

በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ተባዩ በ1998፣ በሽታው በ2005 ታየ። በ2003/04 ምርት ዘመን 242 ሚሊዮን ሣጥን የነበረው ብርቱካን በ2023/24 ከ20 ሚሊዮን በታች ወርዷል፤ ፍሎሪዳን ገንዘብም ሆነ ቤተ ሙከራ አላነሳትም ነበር።

የሚቀረው ሥራ የታወቀ ነው፦ በወንፊት መረብ ውስጥ የበቀለ፣ ከተመረመረ እናት ዛፍ የተዳቀለ ችግኝ ማከፋፈል፤ የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ። ከመነቀሉ በፊት ግን ዛፉ ላይ ያለው ተባይ በመድኃኒት መገደል አለበት፤ አለዚያ መጥረቢያው ሲያርፍ ተነሥቶ ጎረቤት ጓሮ ይገባል።