እስቲ ስለ ቤት ኪራዩም ጠይቁን

የዋሽንግተን ዲሲ ሬዲዮዎች ስለ እኛ ስለ ሐበሾች የሚሠሩትን ዘገባ ገና ሲጀምር አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ቡና ሲቆላ ይሰማል። ሲኒ ይንኳኳል። ከሲኒው ኋላ ክራር ትንሽ ይሰማና ይደበዝዛል፤ ጋዜጠኛዋም ሹካ ስለማይቀርብበት ማዕድ ታወራለች። የምግብ ቤቱ ባለቤት በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ድምፁ ዝቅ ይልና እንግሊዝኛው ይጫነዋል። ወደ ማብቂያው ላይ ስለ አገር ቤት ጦርነት አንድ ጥያቄ ይመጣል። አለቀ፤ ቀጥሎ የአየር ጠባይ።

በዘገባው ውስጥ ውሸት የለም። ቡናውም ይቆላል፣ ጦርነቱም አለ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት የኖረ፣ ልጅ ያስመረቀ፣ ግብር የሚከፍል ሰው ማይክሮፎን ፊት ሲቀርብ ሁልጊዜ ትናንት እንደመጣ እንግዳ ነው። ስለ እንጀራው ይጠየቃል። ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ቤት ኪራዩ ጥያቄ ሲኖር ግን ማይክሮፎኑ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል።

የከተማው አስተዳደር እንኳ በዚህ ረገድ ከጋዜጠኞቹ ቀድሟል። በ2004 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት ቢሮዎች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች አገልግሎት እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛና ከመሳሰሉት ጋር አማርኛም ተካቷል። ቢሮው ተራ ነዋሪ አድርጎ ሲቆጥረን ሬዲዮው ገና በባህል ዝግጅት ውስጥ አስቀምጦናል።

ይህች ከተማ እኮ አማርኛ ሬዲዮ ያጣች አይደለችም። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ከ1982 ጀምሮ ለዓመታት ከዚሁ ከዋሽንግተን ሲያሰራጭ ነበር። ነገር ግን የተቋቋመው ለአገር ቤት አድማጭ ነው፤ እንዲያውም በ1948 የወጣ ሕግ ስርጭቱ ለአሜሪካ ሕዝብ እንዳይቀርብ ይከለክል ነበር፤ ክልከላው የላላው በ2013 ነው። የአየር ሰዓት እየተከራዩ የሚሠሩት የራሳችን ዝግጅቶችም ቢሆኑ ከሳምንት ሳምንት የሚያወሩት ስለ አዲስ አበባ ፖለቲካ ነው። ጎረቤታችን ያለው ትምህርት ቤት ሊዘጋ መሆኑን የምንሰማው ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ ወቀሳው ለፈረንጆቹ ብቻ አይደለም።

በአንድ ከተማ ብዙ ዓይነት ሰው ሲኖር ሬዲዮ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ዩ ስትሪትን የመሰለ ቦታ የለም። የዘር መድልዎ ሕግ በነበረበት ዘመን ጥቁሮች የራሳቸውን ባንክ፣ ቲያትርና ዳንስ ቤት የገነቡበት ጎዳና ነው፤ ብላክ ብሮድዌይ ይባል ነበር። ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚያ ሰፈር ነው። ሊንከን ቲያትር በ1922 ተከፈተ። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ጎዳናው ተቃጠለ። ከዚያ ለምድር ውስጥ ባቡር ሲባል መንገዱ ተቆፈረና ነጋዴው ለዓመታት አቧራ ሲቅም ከረመ። የባቡር ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው። እነ ቤንስ ቺሊ ቦውል ያንን ሁሉ ችለው ሲቆዩ ብዙዎቹ ዘግተው ሄዱ።

እኛ የደረስነው ከዚህ በኋላ ነው። አዳምስ ሞርጋን በተባለው ሰፈር ኪራዩ ሲወደድባቸው የእኛ ሰዎች ወደ ዩ ስትሪትና ወደ ናይንዝ ስትሪት ወርደው ባዶ የቆሙ ሱቆችን ተከራዩ፣ ቀለም ቀቡ፣ ምጣድ ጣዱ። በ2005 ገደማ ደግሞ ናይንዝ ስትሪት ላይ ያለው አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም ጠየቁ። ሎስ አንጀለስ በ2002 ለፌርፋክስ ጎዳና ይህንኑ ስም ሰጥታ ነበርና ጥያቄው ከባድ አልመሰላቸውም። የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ግን ተነሡ። «እኛ በእሳቱም በቁፋሮውም ያለፍንበትን ጎዳና ትናንት የመጣ ሰው በአገሩ ስም ሊጠራው ነው ወይ» አሉ።

ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ያኔ ከነጋዴዎቹ ጋር ነበርኩ፣ ዛሬም ባዶ ሱቅ ያቀና ሰው ስም ቢጠይቅ ነውር አይመስለኝም። ግን የኤሊንግተንን ሰፈር ሰዎች ቁጭት ለማወቅ የሚያስችል አንድም ነገር በወቅቱ በእኛ በኩል አልተሰማም፤ የእኛም በእነሱ በኩል አልተሰማም። ዜና የሆነው ጠቡ ነው። ጠቡ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ሁለታችንንም ያባረረን አንድ ነገር ሆነ፤ ኪራይ። የእኛ ሱቆች ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሸሹ። ጥቁር ነዋሪዎችም ከ2011 ገደማ ጀምሮ ከከተማው ሕዝብ ግማሽ በታች ሆኑ።

ዩ ስትሪት ካለበት ከሾው ሰፈር አንዲት አሮጊትና አንድ የናይንዝ ስትሪት ባለ ሱቅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይህንን ሲነጋገሩ ቢቀረጽ ምን ዓይነት ዝግጅት በወጣው! ሥራው አዲስ አይደለም። ስቶሪኮርፕስ የሚባለው ድርጅት በ2003 ኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክፍል ሠርቶ ነው የጀመረው። የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች ይገባሉ፣ በር ይዘጋል፣ አርባ ደቂቃ ይጨዋወታሉ፤ ጋዜጠኛ አይጠይቃቸውም። ከፈቀዱ ቅጂው በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል፤ ቤተ መጻሕፍቱ እዚሁ ዲሲ ነው። ቺካጎ ላይ ስተድስ ተርክል ከ1952 እስከ 1997 ደብሊው ኤፍ ኤም ቲ በተባለው ጣቢያ ሰው ሲያናግር ኖሯል። የዚያው ከተማ ደብሊው ቢ ኢ ዚ በ2012 «ኪዩሪየስ ሲቲ» ብሎ የጀመረው ዝግጅት ደግሞ ጥያቄውን ራሱን ከአድማጭ ይቀበላል፤ የጠየቀው ሰውም ከጋዜጠኛው ጋር ሆኖ መልሱን ያፈላልጋል። ከሁሉም የምመርጠው ይህንን ነው። ስቶሪኮርፕስ ላይ አንዳንዴ እንባው ይበዛብኛል። ጥያቄ ያመጣ ሰው ግን ስለ ራሱ እንዲተርክ የተጋበዘ እንግዳ አይደለም፤ ከተማዋን የሚጠይቅ ነዋሪ ነው።

በዲሲም ቢሆን ከሌላ አገር የመጣ ሰው እንደ ነዋሪ የተሰማበት ጊዜ ነበር። ኮጆ ናምዲ የጋያና ሰው ነው፤ ደብሊው ኤ ኤም ዩ በተባለው የሕዝብ ጣቢያ ላይ ከ1998 እስከ 2021 እኩለ ቀን ላይ የከተማውን ጉዳይ ሲያወያይ ኖሯል። እንግሊዝኛው የካሪቢያን ቅላጼ አለበት፣ ማንም ግን እንግዳ አድርጎ አልሰማውም። በ2008 ታክሲው ከዞን ታሪፍ ወደ ቆጣሪ ሲዞር ከሹፌሮቹ ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ነበሩ። አንድ የማውቃቸው ጋሼ በዚያ ሰሞን አንድ ጣቢያ በቀጥታ ስርጭት ስለ ቆጣሪው ሲያወያይ ታክሲያቸው ውስጥ ሆነው ደወሉ። ስልክ የምትቀበለው ልጅ መጀመሪያ ያለቻቸው «ሬዲዮዎን ዝቅ ያድርጉት» ነው። ብዙ ካስጠበቀቻቸው በኋላ ተራቸው ደረሰ። የቤንዚኑን፣ የኢንሹራንሱን፣ የመኪና ክፍያውን ደምረው በዞኑ ምን እንደሚቀራቸው፣ በቆጣሪው ምን እንደሚቀርባቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዱ። ስለ አገራቸው የጠየቃቸው የለም። በማግስቱ የጫኑት ሰው ከኋላ ሆኖ «ትናንት ሬዲዮ ላይ የነበሩት እርስዎ ነዎት? ሂሳብዎ ትክክል ነው» አላቸው። ጋሼ ይህንን እስከ ዛሬ ያወሩታል፤ እንደ ማዕረግ ነው የሚቆጥሩት።

እውነቱን እንነጋገርና፣ ማይክሮፎኑ ሲመጣም የምንሸሸው እኛው ነን። «ስሜ ይቅር»፣ «ፎቶ አይኑር»፣ «ባለቤቴን ጠይቂ»። አልፈርድም። ከመጣንበት አገር ማይክሮፎን የመንግሥት ነበር፤ የተናገርከው ነገር የት እንደሚደርስ አታውቅም። አሁን ደግሞ እዚህም ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው ዝም ቢል ማን ይወቅሰዋል? እኔ የምወቅሰው ዜግነቱን ይዞ፣ ቤት ገዝቶ፣ ምርጫ ካርዱን ኪሱ አድርጎ «እኛን ማን ይሰማናል» የሚለውን ነው።

በዚያ ላይ ጊዜው ከፍቷል። ኮንግረስ በሐምሌ 2025 ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር መልሶ ወሰደ፤ በ1967ቱ ሕግ የተመሠረተውና ገንዘቡን ሲያከፋፍል የኖረው ተቋም ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። እንደ ደብሊው ኤ ኤም ዩ ያሉ የትልቅ ከተማ ጣቢያዎች የሚኖሩት በአብዛኛው በአድማጭና በስፖንሰር ገንዘብ ስለሆነ ወዲያው አይወድቁም። ግን ገንዘብ ሲጠብ ቀድሞ የሚቆረጠው የሰፈር ዘገባ ነው። ደብሊው ኤ ኤም ዩ በ2018 የገዛውን ዲሲስት የተባለ የከተማ ዜና አውታር በየካቲት 2024፣ ገና ይህ ሁሉ ሳይመጣ፣ ዘግቶታል። የዋይት ሐውስን ወሬ የሚሠራ ጋዜጠኛ ሞልቷል፤ የጆርጂያ አቬኑ አውቶቡስ ለምን እንደሚዘገይ የሚጠይቅ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ይኸው ጣቢያ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ለቀናት ዝግጅቱን እያቋረጠ ገንዘብ ሲለምን ሁላችንም ጣቢያ እንቀይራለን፤ እኔም ጭምር። በየማለዳው እየሰሙት ሥራ ከሚገቡ ወዳጆቼ መካከል አባል ነኝ ያለኝ እስካሁን አላገኘሁም። አባል ያልሆነ ሕዝብ ስለሚሰማው ነገር ሲያማርር ደግሞ ማን ጆሮ ይሰጠዋል? በሚመጣው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ሳምንት በወር አምስት ዶላር ለመክፈል ተመዝገቡ። ስትመዘገቡም የምትኖሩበትን ሰፈር ጠቅሳችሁ ስለዚህች ከተማ ማወቅ የምትፈልጉትን አንድ ጥያቄ ላኩላቸው፤ መልሱን ለማግኘት ከጋዜጠኛው ጋር ውጡ ቢሏችሁም እምቢ አትበሉ።